የመዳብ ላሜራ ቤት ውስጥ እኩል እንዲጠቁር ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ «የመዳብ ጀማሪ»፣ አዲስ አበባ

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ። ከስምንት ወር ወዲህ ከመዳብ ላሜራ የአንገት መስቀልና የጆሮ ጌጥ እየሠራሁ ለሚያውቁኝ ሰዎች እሸጣለሁ። ላሜራውን ከመርካቶ፣ ከምናለሽ ተራ እየመረጥኩ እገዛለሁ፤ ቆርጬ ካስተካከልኩት በኋላም ሐረግ እቀርጽበታለሁ። ፍላጎቴ በድሮ የብር መስቀሎች ላይ እንደምናየው፣ የተቀረጸው ሐረግ ውስጡ ጠቁሮ ከፍ ያለው ፊቱ ግን ቀይ መዳብነቱን ይዞ እንዲያበራ ነው። ቀለም ቀብቼ ብሞክረውም ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ተላጠ። ስለዚህ መዳቡን ራሱን በኬሚካል ማጥቆር እንዳለብኝ ተረድቼ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቱም ጊዜ አልሆነልኝም።

መጀመሪያ ሥራውን በአቼቶና በጨው በተነከረ ጨርቅ ጠቅልዬ አሳደርኩት። ጠዋት ስፈታው ሐረጉ ውስጥ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ ዱቄት ተጋግሮ አገኘሁ፤ ጣቴን ሳሳርፍበት እንደ ጠመኔ ለቀቀ። ከሥሩም መዳቡ ሸካራ ሆኖ ነበር እንጂ አልጠቆረም።

ቀጥዬ የእንቁላሉን ዘዴ ሞከርኩ። አራት እንቁላል ቀቅዬ፣ ትኩሱን ከነአስኳሉ አድቅቄ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ካደረግኩ በኋላ መስቀሉን ከክዳኑ በክር አንጠልጥዬ ሦስት ሰዓት ተውኩት። ይህ ከሦስቱ የተሻለው ነበር፤ መዳቡ የተቆላ ቡና መሰለ። ነገር ግን ፊቱ ላይ ክብ ክብ ነጠብጣብ ወጣበት፤ በአንደኛው ክንፉ ላይ ደግሞ የአውራ ጣቴ አሻራ ከነመስመሩ ሳይጠቁር ቀይ ሆኖ ቀረ።

በመጨረሻ ወደ አንድ የኬሚካል መሸጫ ሄጄ «መዳብ የሚያጠቁረውን ፖታሲየም» ብዬ ጠየቅኩ። እንደ አሸዋ የደቀቀ፣ ምንም ሽታ የሌለው ነጭ ጨው ሰጡኝ። በሙቅ ውሃ ሟሙቶ መስቀሉ ለአንድ ሰዓት ቢቀመጥበትም መልኩ ቅንጣት አልተለወጠም።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው፦ ስህተቴ የቱ ላይ ነው? የምኖረው ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ ውስጥ ከሁለት ትንንሽ ልጆቼ ጋር ስለሆነ፣ ለእነርሱ የማያሰጋው መንገድ የትኛው ነው? ጥቁሩ ከወጣ በኋላስ በነጭ ነጠላ ላይ ሲደረግ እንዳይለቅ ምን ይደረጋል? የደንበኛዬን ነጠላ ማበላሸት ከሁሉ በላይ የምፈራው ነገር ነው።

መልስ 1፦ «የኬሚስትሪ መምህር»

ውድ እህታችን፣ ጥያቄዎን እንዲህ በዝርዝር ስለጻፉት መልሱ ቀሎኛል። ከሦስተኛው ሙከራዎ ልጀምር፤ ምክንያቱም ገንዘብዎን ያጠፋብዎ የስም መመሳሰል ነው። ለመዳብ ማጥቆሪያ የሚያስፈልገው ፖታሲየም ሰልፋይድ ሲሆን፣ የተሸጠልዎ ግን ፖታሲየም ሰልፌት ይመስለኛል። ሰልፌት ነጭ፣ ሽታ አልባ፣ ለማዳበሪያነትም የሚውል ጨው ነው፤ በውስጡ ድኝ ቢኖርም ያ ድኝ ከኦክስጅን ጋር አጥብቆ የተሳሰረ ስለሆነ ለመዳቡ የሚተርፍ የለውም። ሰልፋይዱ ግን ከሩቅ ይታወቃል፤ ቢጫማ ወይም ጉበት የመሰለ ቡናማ ድንጋይ ድንጋይ ነገር ሆኖ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። በእንግሊዝኛ «ሊቨር ኦቭ ሰልፈር»፣ የድኝ ጉበት እንደ ማለት፣ የሚሉትም በዚሁ መልኩ ምክንያት ነው።

ሌላ ጊዜ ሊገዙ ሲሄዱ ፕላስቲኩ የተላጠ አጭር የኤሌክትሪክ ሽቦ ይያዙ። ሻጩ ከዕቃው የምስር ፍሬ የምታህል ብቻ በትንሽ ለብ ያለ ውሃ እንዲያሟሟልዎ ይጠይቁና ሽቦውን ነከር ያድርጉት። ትክክለኛው ከሆነ ሽቦው ዓይንዎ እያየ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይጠቁራል። የሞተር ጥቅል ሽቦ ግን አይያዙ፤ እርሱ ባዶ መዳብ ቢመስልም በዓይን የማይለይ የመከላከያ ቀለም ስለተቀባ ከማንኛውም ፈሳሽ ጋር አይገናኝም፤ ጥሩውንም ዕቃ መጥፎ ያስመስልብዎታል።

አሁን ወደ ነገሩ ምንጭ ልመለስ። መዳብ ጠንካራ ጥቁር የሚሆነው ድኝ ሲያገኝ ነው። በላዩ የሚፈጠረው የመዳብ ሰልፋይድ ስስ ሽፋን ከውጭ የተቀባ ሳይሆን ከራሱ ከመዳቡ ቆዳ የበቀለ ስለሆነ እንደ ቀለም አይላጥም፤ የሚላጠው በችኮላ ሲወፍር ብቻ ነው። አቼቶና ጨው የወሰዱዎት ግን ፈጽሞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው። በዚያ መንገድ የሚፈጠሩት ሰማያዊና አረንጓዴ የመዳብ ጨዎች ናቸው፤ ምንም ያህል ቢያቆዩት ጥቁር አይሆኑም። አሞኒያና ጨው በመጠቀምም የሚገኘው ደማቅ ሰማያዊ ነው፤ ስለዚህ ያንን የሚመክርዎ ሰው ቢኖር ለእርስዎ ዓላማ እንደማይሆን ይወቁት።

በዚያ የመጀመሪያ ሥራዎ ላይ አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። በሐረጉ ጎድጓዳ ውስጥ ከጨው የቀረ ክሎራይድ ካለ፣ እርጥበት ባገኘ ቁጥር መዳቡን ቀስ በቀስ መብላቱን አያቆምም። በየሙዚየሙ ያሉ የነሐስ ቅርሶችን ፈዛዛ አረንጓዴ እያበቀለ የሚያፈራርሳቸው ችግር ይኸው ነው። ስለዚህ ያንን መስቀል አይጣሉት፤ ዱቄቱን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እየፈገፈጉ አውጡትና፣ ቤኪንግ ሶዳ በተጨመረበት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አሳድረው፣ ውሃውን ለጥቂት ቀናት እየለዋወጡ ያጠቡት። ዱቄቱ መርዛማ ስለሆነ በደረቁ አያቡንኑት፤ ብሩሹም ከዚያ በኋላ ለሌላ ነገር አይዋል።

የእንቁላሉ ዘዴ ትክክለኛ ነው። እንቁላል ሲበስል ከነጩ ክፍል ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል፤ በአስኳሉ ዙሪያ የምናየው አረንጓዴ ቀለበትም ይህ ጋዝ በአስኳሉ ውስጥ ካለው ብረት ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ነው። ስለዚህ ቀለበቱ ጎልቶ ከታየ እንቁላሉ ለሥራዎ ተዘጋጅቷል ማለት ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ቆላ ካለ ሰው የተቀበሉትን የመቀቀያ ጊዜ አይከተሉ፤ ከ20 ደቂቃ በላይ ያፍሉት። ነጠብጣቡን ያመጣው እንፋሎቱ ነው። ትኩሱ እንቁላል ሲታፈን እንፋሎቱ ቀዝቃዛው መዳብ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀመጣል፤ ጋዙም ጠብታው ባለበትና በሌለበት ቦታ እኩል አይሠራም። እንቁላሉ ደቅቆ ዋናው እንፋሎት እስኪወጣለት አንድ ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ፤ መስቀሉን ለብ አድርገው ያንጠልጥሉት፤ ከእንቁላሉ በላይም የሚጠጣ ወረቀት ጣል ያድርጉበት። በየሰዓቱ እያወጡ እንቁላሉን በአዲስ እየተኩ ቢደግሙት ጥቁሩ ይጠልቃል፤ ሆኖም ከጥቁር ቡናማ አልፎ ከሰል እንዲመስል አይጠብቁ።

አሻራው የጣትዎ ቅባት ነው። ቅባት ባለበት ቦታ ድኙ መዳቡን አይነካውም፤ አንድ ጊዜ በባዶ እጅ መንካት ይበቃል። ከማጥቆርዎ በፊት ሥራውን በላርጎና በብሩሽ ያጥቡት፤ ከዚያም በሎሚ ጭማቂ ብቻ፣ ጨው ሳይጨምሩ፣ አሽተው በብዙ ውሃ ያለቅልቁት። ንጽሕናውን የሚያረጋግጡት በውሃው ነው። ከቧንቧ ሥር ይዘው ሲያነሡት ውሃው ሳይቆራረጥ እንደ አንድ ስስ ልብስ ከሸፈነው ቅባት የለበትም፤ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ከተሰበሰበ ግን እንደገና ይታጠብ። ከዚያ በኋላ በጓንት ወይም በጠርዙ ብቻ ይያዙት።

ስለ ልጆችዎ የምለው ይኖረኛል፤ እዚህ ላይ ለዘብ አልልም። ሰልፋይድ ካለበት ፈሳሽ ጋር አቼቶ፣ ሎሚ ወይም ማንኛውም አሲድ ፈጽሞ አይቀላቀል፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይለቃል። ይህ ጋዝ ትንሽ ሲሆን አፍንጫን የሚያቃጥል ግማት አለው፤ ሲበዛ ግን የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ብለው የተረጋጉበት ሰዓት አደጋው የበዛበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። በረኪናም አጠገቡ አይድረስ። ሥራውን ከቤት ውጭ፣ ነፋስ ከኋላዎ እየነፈሰ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ባሉበት ሰዓት ይሥሩት፤ የተጠቀሙበት ዕቃም ወደ ማጀት አይመለስ። ያገለገለው ፈሳሽ ልጅና እንስሳ በማይደርስበት ሜዳ ላይ ክዳኑ ተከፍቶ ቢጫነቱ እስኪጠፋ ጥቂት ቀን ይቀመጥ፤ ከዚያ በብዙ ውሃ በርዞ መድፋት ይቻላል።

መልስ 2፦ «አንጥረኛው»

እህቴ፣ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ከአባቴ ሥር ብር ስሠራ የኖርኩ ነኝ፤ መዳብም እሠራለሁ። መምህሩ የጻፉት ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው የእጁን ነገር ነው።

ሰልፋይዱን ያገኙ እንደሆነ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተውን ስህተት እንዳይሳሳቱ እለምንዎታለሁ፤ እርሱም አወፍራለሁ ብሎ ማብዛት ነው። ለግማሽ ሊትር ውሃ የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃለች። ውሃው እጅ ሊታገሠው የሚከብድ ያህል ይሙቅ እንጂ አይፍላ፤ ሲፈላ ኃይሉ ሽታ ሆኖ በንኖ ያልቃል። መልኩ ነጭ ጠጅ ከመሰለ ልክ ነው። ሥራውን ለሁለት ሦስት ሰከንድ ነክረው ያውጡ፤ ወዲያው በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁ፤ ይመልከቱት፤ እንደገና ይንከሩ። መዳቡ በመጀመሪያ ወርቅማ ይሆናል፤ ቀጥሎ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ ቡናማ እያለ ወደ ጥቁር ይሄዳል። ወይን ጠጁ ላይ ስደርስ ብዙ ጊዜ እጄን ገትቼ አየዋለሁ፤ ውበቱ ያስደንቃል፤ ነገር ግን ቀለሙ ስስ ስለሆነ ሲታሽ አይቆይም። እስከ ስምንትና አሥር ጊዜ መመላለስ ያለ ነው። ፈሳሹን አክርሮ በአንድ ጊዜ ያጠቆረ ሰው ጥቁሩ እንደ ዓሣ ቅርፊት ሲነሣበት ያያል፤ የዚያን ጊዜ ሁሉንም ፍቆ ከመጀመር ሌላ መድኃኒት የለውም።

የላሜራው ፊት እንደ መስታወት ካበራ ጥቁሩ የሚይዝበት አያገኝም። 400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎም 600 ቢያሳልፉበት ፊቱ ደብዘዝ ብሎ በደንብ ይቀበላል። ካጠቆሩ በኋላ ከፍ ያለውን ፊት ለመግለጥ ወረቀቱን በጣትዎ ይዘው አይሹት፤ ጣት ለስላሳ ስለሆነ ወረቀቱን ወደ ጎድጓዳው ያስገባዋል፤ የሐረጉም ጠርዝ ይደበዝዛል። 1000 ቁጥር ወረቀት ጠፍጣፋ ደረቅ እንጨት ላይ ወጥረው፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ሳይጫኑ ያሳልፉት። ጥቁሩ ሐረጉ ጠርዝ ላይ እንደ ተሰመረ መስመር ቆርጦ ሲቀር ያን ጊዜ ያቁሙ።

አሁን ስለ ነጠላው። ሥራው ካለቀ በኋላ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ አጥበው፣ ለቅልቀው፣ ጎድጓዳው ውስጥ እርጥበት እንዳይቀር በፀጉር ማድረቂያ ያድርቁት። ከዚያ በነጭ ጥጥ ጨርቅ ይሹት። ጨርቁ ላይ ግራጫ መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ይሹት፤ የሚለቀው ሁሉ በእጅዎ ይለቅ እንጂ በደንበኛዎ ነጠላ ላይ አይቅር። ይህ ካለፈ በኋላ መስቀሉን ሰም እስኪቀልጥበት አሙቀው ንጹሕ የንብ ሰም ይቀቡት፤ ከመጠን ያለፈውን ሳይቀዘቅዝ ይጥረጉ። ገበያ ላይ ያለው ጧፍ ሁሉ የንብ ሰም አይደለም፤ ሲሞቅ የማር ሽታ የሌለውን አይጠቀሙ። ለጀርባው፣ ላብ የሚነካው እርሱ ስለሆነ፣ ሳያጠቁሩ አጽድተው ጥርት ያለ የጥፍር ቀለም ሁለት ጊዜ ቢቀቡት አንገት ላይ አረንጓዴ አይተውም። ሰሙ በየጥቂት ወሩ መታደስ እንዳለበት ለገዢው ይንገሩት።

በነገራችን ላይ፣ ስኒና ማንኪያ እንዳጠቁርላቸው የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ፤ እምቢ እላለሁ። እንዲህ ያለው ሥራ ምግብና መጠጥ የሚነካበት ቦታ ላይ አይገባም።

ጠያቂዋ፦ «የመዳብ ጀማሪ»

ሁለታችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ የመስቀሉን ማንጠልጠያ ቀለበት የያዝኩት የሬዲዮ ጠጋኞች በሚጠቀሙበት ሊድ ነው፤ በእንቁላሉ ሙከራ ጊዜ መገጣጠሚያው ብቻ ነጭ ሆኖ መቅረቱን አሁን ተመልሼ ሳየው አስተዋልኩ። ሁለተኛ፣ አንድ የባህል መድኃኒት ሻጭ «ድኝ ከኖራ ጋር ቀቅዪና ንከሪበት» ብለውኛል። ድኙ በቀላሉ ስለሚገኝ አጓጉቶኛል፤ ይሠራ ይሆን?

መልስ 3፦ «የአትክልት ባለሙያ»

የድኝና የኖራውን ነገር እኔ ልመልስ፤ ምክንያቱም በፍራፍሬ ዛፍ ላይ የሚወጣ የሻጋታ በሽታን ለመከላከል ከድሮ ጀምሮ የሚረጭ መድኃኒት ነው። ድኝ ብቻውን ውሃ ውስጥ አይሟሟም። ከኖራ ጋር ሲቀቀል ግን ካልሲየም ፖሊሰልፋይድ ይሆናል። አንድ እጅ የበረደ ኖራ፣ ሁለት እጅ ድኝ፣ አሥር እጅ ውሃ በሚዛን ተለክቶ አንድ ሰዓት ያህል እየተማሰለ ይፈላል፤ ቀይ ጠጅ የመሰለው ፈሳሽ ተጠሎ ይቀመጣል። የተረጨበት የመዳብ ዕቃ ሁሉ እንደሚጠቁር በዓይኔ አይቻለሁ፤ የራሴ የመርጫ መሣሪያ የነሐስ አፍ ጠቁሮ ቀርቷል። ስለዚህ ይሠራል። ይሁን እንጂ በአሉሚኒየም ድስት አይቀቀል፤ ድስቱን ይበላዋል።

መልስ 4፦ «የኬሚስትሪ መምህር»

የአትክልት ባለሙያው የጻፉት እውነት ነው፤ ግን ለዚህች እህታችን አልመክረውም። የአተር ፍሬ በምታህል ነገር የሚያልቅን ሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ በተከራይ ግቢ ውስጥ እየማሰሉ መቀቀል ሽታውም፣ ፈሳሹም የሚመጥን አይደለም። ፈሳሹ ኃይለኛ አልካላይ ነው፤ አንዲት ፍንጣቂ ዓይን ውስጥ ብትገባ ከባድ ጉዳት ታደርሳለች። ምድጃው አጠገብ የተደፋ ድኝ ደግሞ በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ሲነድ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን የሚያሳምም ሌላ ጋዝ ነው፤ መዳብ ለማጥቆርም አይረዳም። ሰፊ የእርሻ ቦታና የዓይን መከላከያ ያለው ሰው ሊሞክረው ይችላል፤ ሁለት ትንንሽ ልጆች በሚሮጡበት በረንዳ ላይ ግን ፈጽሞ አይሆንም።

ሊዱ ነጭ የቀረው አብዛኛው ቆርቆሮ (የጣሪያው ሳይሆን «ቲን» የሚባለው ብረት) ስለሆነ ነው፤ ቆርቆሮ ደግሞ እንደ መዳብ ለድኝ አይገዛም። መፍትሔው መገጣጠሚያውን ቀድሞ መዳብ ማልበስ ነው። ሰማያዊውን ኮፐር ሰልፌት ትንሽ በውሃ አሟሙተው ጠብታውን በስቲኪኒ ሊዱ ላይ ያኑሩና ንጹሕ ሚስማር ጫፉን ጠብታው ውስጥ ከተው ሊዱን ያስነኩት። ጥቂት ቆይቶ ነጩ ላይ ቀይ የመዳብ ስስ ልብስ ሲለብስ ያያሉ። ለቅልቀው ሲያጠቁሩት ከሌላው ጋር አብሮ ይጠቁራል። የለበሰው መዳብ በጣም ስስ ስለሆነ በብርጭቆ ወረቀት እንዳይነካ ይጠንቀቁ።

መልስ 5፦ «ከኒው ዮርክ»

እዚህ አገር የምንጠቀመው ሰልፋይዱ በጄል መልክ የተዘጋጀውን ነው፤ ደረቁ ድንጋይ ብርሃን፣ አየርና እርጥበት ሲያገኘው በጊዜ ስለሚሞት ጄሉ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ደረቁን የገዛ ሰው ግን ብርሃን በማያስገባ ጠርሙስ፣ አየር በማያስገባ ክዳን ያስቀምጠው። ለዘመድ ልላክ ለሚል ሰው ደግሞ አንድ ነገር ልናገር፤ ደረቅ ፖታሲየም ሰልፋይድ አየር መንገዶች አደገኛ ዕቃ ከሚሏቸው ወገን ስለሆነ በሻንጣ አይያዝ።

የአረንጓዴውና የጥቁሩ ልዩነት ሲነሣ ከወደቡ ዳር ቆሜ የማያት የነፃነት ሐውልት ትዝ አለችኝ። በ1886 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ስትቆም ቆዳዋ ቀይ መዳብ ነበር፤ መጀመሪያ ቡናማ ሆነች፣ አረንጓዴው ሙሉ በሙሉ የሸፈናት በ1906 ገደማ ነው። የመዳቡ ውፍረት 2.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ ይህን ሁሉ ዘመን የጠበቀው ያ ተጣብቆ የበቀለ አረንጓዴ ልብስ ነው። እህታችን በአንድ ሌሊት በአቼቶና በጨው ያገኙት አረንጓዴ ግን በችኮላ የተጋገረ ስለሆነ አልያዘም። እኔም የአቼቶውን አረንጓዴ ለጌጥ አልጠቀምበትም፤ ሰው በሚነካው ነገር ላይ የሚረግፍ የመዳብ ዱቄት መተው ልክ አይመስለኝም።

ጠያቂዋ፦ «የመዳብ ጀማሪ»፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ

የተከበራችሁ፣ የሆነውን ልንገራችሁ። የተላጠ ሽቦ በቦርሳዬ ይዤ ሦስት የኬሚካል መሸጫዎች ዞርኩ። ሁለቱ ጋ ያለው ያው ነጩ ጨው ነበር። ሦስተኛው ጋ ሻጩ ክዳኑን ገና ሲከፍት ሽታው ተቀበለኝ፤ ሽቦዬም ውሃው ውስጥ ገብቶ ሳላወጣው ጠቆረ። የገዛሁት 50 ግራም ብቻ ነው፤ በአተር ፍሬ ሲቆጠር ብዙ ሥራ የሚሠራልኝ ይመስለኛል። ቡናማ ጠርሙስ ውስጥ አድርጌ ልጆች በማይደርሱበት ከፍ ያለ ቦታ ቆልፌበታለሁ።

ከግቢው ጀርባ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳሉ፣ ጎረቤቶቼን አስቀድሜ ነግሬ ሠራሁት። መጀመሪያ የውሃውን ፈተና ሁለት ጊዜ ወደቅኩ፤ በላርጎ ታጥቦም ውሃው ጠብታ ጠብታ ይሆን ነበር፤ በሦስተኛው ግን ሳይቆራረጥ ሸፈነው። ነክሬ ሳወጣ፣ ለቅልቄ ሳይ፣ ዘጠነኛው ላይ ሐረጉ ከሰል መሰለ። አንጥረኛው ያሉት ወይን ጠጅ ቀለም አራተኛው ላይ መጣ፤ እኔም ቆሜ አየሁት። ሊዱም በሚስማሩ መንገድ መዳብ ለብሶ ከሌላው ጋር ጠቁሯል።

ከእንጨት ላይ በተወጠረው ወረቀት ፊቱን ስገልጠው አንድ ቦታ ላይ ጠርዙን አልፌ ፍቄዋለሁ፤ ያችን ብቻ በትንሽ ብሩሽ ፈሳሹን አስነክቼ መለስኳት። በነጭ ጥጥ ጨርቅ ስሸው መጀመሪያ ግራጫ ለቀቀ፤ ጨርቁን አራት ጊዜ ከለወጥኩ በኋላ ንጹሕ ወጣ። ሰሙን ቀብቼ የራሴ ነጠላ ላይ አንድ ሳምንት አደረግኩት፤ ዛሬ ጠዋት ነጠላውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዤ አገላብጬ አየሁት፤ ምንም አለቀቀበትም። የአውራ ጣት አሻራ ያለበትን የቀድሞውን መስቀል ደግሞ ፍቄ እንደ አዲስ እያዘጋጀሁት ነው፤ በጓንት።